የእንድሪስ ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት፣ ፀሐይ ገና ሳትበረታ፣ ከሸዋ ሮቢት ገበያ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ እንደተቀመጥኩ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። በየማዕዘኑ ተከምሮ የሚበሰብሰው የሽንኩርትና የቲማቲም ሽታ አልነበረም፤ እርሱንስ ለምጄዋለሁ። እርጥብ አፈር፣ የከረመ ገለባና ትንሽ የጎመዘዘ እርሾ ባንድነት የሚገኙበት፣ አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የማይረሳው ሽታ ነው፤ የጉድጓድ ማሽላ። ከአጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሴት በእግሮቿ መካከል ካቆመችው ትንሽ ጆንያ ነበር የሚመጣው። ይህ ሽታ ከከተማችን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የዛሬው ሰው እህሉን በላስቲክ ከረጢት ጠፍሮ፣ የነቀዝ ኪኒን በትኖበት ያስቀምጣል፤ ሽታ የሌለው እህል ይበላና ጣዕም የሌለው ወሬ ሲያወራ ይውላል።

ወሬውም ወዲያው ጀመረ። ነጂው ፀጉሩን በአንድ ጎን ላጭቶ በሌላው ያሳደገ ጎረምሳ ነበር።

«እህቴ፣ ምንድን ነው የጫንሽው? የእንድሪስን ጉድጓድ ከፍተሽ መጣሽ እንዴ?» አለና ሳቀ። ከዚያም በመስታወቱ ወደ እኔ አየ። «ፋዘር፣ የእንድሪስን ጉድጓድ ታሪክ ያውቁታል?»

«እስቲ ንገረኝ» አልኩት።

«እንድሪስ የሚባል ሰውዬ ነበር አሉ። ሙሄ የሚባል ጠላት ነበረው። ሰባት ዓመት ቂሙን በሆዱ ይዞ ይስቅለታል። አንድ ቀን ታርቄሃለሁ ብሎ ጠራው፤ ፍየል አርዶ አበላው። ‹በል እስቲ ጉድጓድ ግባና እህሌን ቅመስልኝ› አለው። ሲገባለት ክዳኑን ድርግም! ያ ከውስጥ ይጮኻል፣ ይሄ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ይቅማል። ፊልም አይወጣውም?»

«ሰውዬው ሞተ?»

«እንዴታ! በቀትር ጆሮ መሬት ላይ ቢያስጠጉ እስከ ዛሬ ድምፁ ይሰማል አሉ።»

«ሙሄ ከጉድጓዱ ወጥቶ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ ሁለተኛ ሚስትም አግብቷል። የሞተው በወባ ነው።»

«ኧረ ፋዘር፣ ታሪኩን አያበላሹብን!»

ለዚህ ዓይነት ሰው መልስ መስጠት ጉልበት ማባከን ነው። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ሴትዮዋም ጆንያዋን ይዛ ወረደች። መንገዱ ዳር ቆማ አቧራው እስኪረግብ ጠበቀችና፣

«መምህር አንቱ ነዎት?» አለችኝ። «ዘሐራ እባላለሁ። የእንድሪስ የልጅ ልጅ ነኝ። ከካራቆሬ የመጣሁት አንቱን ፍለጋ ነው።»

የእንድሪስ ነገር በሆነበት ዘመን ሸዋ ሮቢት አንድ ረጅም መንገድና በግራ ቀኙ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ወደ ደሴ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ለምሳ ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ በር ከፍተው የሚያሰሙት የካሴት ዘፈን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየተቀባበለ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ቅመሙ ሳይታሰብ። ዛሬ ባለአራት ፎቅ ሆቴል ያልታጠበ መስታወቱን ገትሮ በቆመበት ማዕዘን ላይ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር፣ ከሥሩም የእትዬ አመለወርቅ ሻይ ቤት። እዚያ ሦስት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፤ በሦስቱ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች አሁን በሆቴሉ ሰገነት ከሚታዩት ሁሉ የተሻለ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ከጭጋግ ወርጄ፣ ከዩኒቨርሲቲ የያዝኩትን የኬሚስትሪ ዲግሪ በካርቶን ሻንጣ አድርጌ፣ ልጆች ላስተምር ወደዚህ እሳት መጣሁ። ሰውነት የማያስተነፍስ የቴትሮን ሸሚዝ እለብስ ነበር፤ ሱሪዬ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሆኖ የመንገዱን አቧራ ይጠርጋል፤ አፍሮ ፀጉሬ በር ሳልፍ ያስጎነብሰኛል። ያን ልጅ ዛሬ ባገኘው ሰላምታ አልሰጠውም። ሁሉን ያወቀ ይመስለው ነበር፤ ይህ ጉድለት በዲግሪ የሚባባስ እንጂ የሚድን አይደለም።

ሙሄ ደግሞ የዚያ አገር የማሽላ ዳኛ ነበር። ይህን ሥራ ማንም አልሾመውም። ረጅም፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ሽርጡ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። አንድ ፍሬ ማሽላ በፊት ጥርሱ ሰብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከየትኛው ማሳ እንደታጨደ፣ ስንት ክረምት ጉድጓድ ውስጥ እንዳደረ፣ ውሃ ነክቶት እንደሆነ ይናገራል። ሸማችም ሻጭም ያንን ቃል ይጠብቃል። ችሎታው እውነተኛ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እውነተኛ ችሎታ በከንቱ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ ሰው ሙሄን ማየት ይበቃው ነበር። ሰው ያወጣለትን እህል አይቀምስም፤ ራሱ ጉድጓድ ገብቶ፣ ከክምሩ ልብ፣ በገዛ እጁ ካልዘገነ አፉን አይከፍትም። ከጉድጓድ ሲወጣም ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እንዲጠብቀው ይፈልግ ነበር።

በመጣሁ በዓመቱ፣ ስለ ቆላ ማሽላ ዓይነቶች አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ያነበበው ጥቂት ሰው ነበር፤ ወሬው ግን ሙሄ ዘንድ ደረሰ። በገበያ ቀን ከኒሙ ሥር ሻይ ስጠጣ መጥቶ በሁለት እጁ ሁለት ጭብጥ ማሽላ ዘረጋልኝ።

«መምህር፣ አንዱ ጥንቅሽ ነው፣ አንዱ ዘንጋዳ። ለይልኝ።»

ጥንቅሽ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ነው፤ ዘንጋዳ ደግሞ ከምሬቱ የተነሳ ወፍ እንኳ የሚሸሸው። እኔ አገዳቸውን እንጂ ፍሬያቸውን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። አንዱን ጠቆምኩ፤ ተሳሳትኩ።

«ሱብሃነላህ! ወፍ የሚለየውን!» አለ ሙሄ። ሰው እስኪሰበሰብ ጠብቆ ደገመው። «ያ ጀማዓ፣ ዘንጋዳውን አገኘሁት! ይኸው ሱሪ ለብሶ ተቀምጧል!»

አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ሳቁ። እትዬ አመለወርቅ እንኳ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በሳምንቱ ክፍል ስገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሱሪው የሰፋ የማሽላ አገዳ ተስሎ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ መምህር ዘንጋዳ ነበርኩ። በበቀል ታሪክ የሚደሰቱ ሰዎች ከቂም ሥር አንድ ታላቅ በደል እንዲቀመጥላቸው ይፈልጋሉ። የፈሰሰ ደም፣ የተቀማ ርስት፣ የተደፈረች እህት። የእኔ ይህ ነበር። ሁለት ጭብጥ ማሽላ።

እንድሪስን በዚያው ሰሞን ነው ያወቅሁት። ከሮቢ ወንዝ ወዲያ የሚያርስ፣ ሁለት ቃል የሚበቃውን በሦስት የማይናገር ገበሬ ነበር። ሙሄ አንድ ጊዜ እህሉን ቀምሶ «ውሃ ነክቶታል» ብሎበት፣ የዚያ ዓመት ምርቱ ለከብት ቀረ። እንድሪስ እህሉ ንጹሕ እንደነበረ ምሎ ተናገረ፤ ማንም አልሰማውም፤ ሁለት ዓመት ከሙሄ ጋር ሰላምታ አቋረጠ። ሰባት ዓመት የሚባለው የባጃጅ ነጂዎች ሒሳብ ነው። በኋላ ሽማግሌ ገባና ታረቁ። ሽማግሌዎቹ ካሳ ምን ትፈልጋለህ ብለው ሲጠይቁት እንድሪስ እንዲህ አለ፦ «ዘንድሮ ጉድጓዴን ስከፍት ሰው ባለበት ገብቶ ይቅመስ። ውሃ ከነካው ነክቶታል ይበል። ካልነካው አልነካውም ይበል። ሌላ አልሻም።» ፍየሉ ታርዷል፤ ይህ እውነት ነው። የተበላው ግን ለዕርቁ ነበር።

የጉድጓድ አከፋፈትን ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። የቆላው የእህል ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ እንደ እንስራ የሰፋ ነው። ተደፍኖ ሲከርም፣ በተለይም ግማሹ ተበልቶ ባዶ ቦታ ሲኖረው፣ እህሉ የሚተነፍሰው ክፉ አየር ይጠራቀምበታል፤ ያን አየር የሳበ ሰው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ከመግባት በፊት የተለኮሰ ፋኖስ በገመድ ይወርዳል። ፋኖሷ ከበራች ይገባል፤ ከጠፋች ጉድጓዱ ተከፍቶ ይዋል ይደር ይባላል። የቀትር ፀሐይ ዓይን ስለሚያሳስት ፋኖስ ያዡ በሆዱ ተኝቶ፣ ራሱንና የጉድጓዱን አፍ በጋቢ ሸፍኖ፣ እሱ ብቻ ያያል። «አለች» ወይም «ሞተች» ብሎ ይጣራል። ሌላ ማንም አያይም። ከባለ ጉድጓዱም ከሚገባውም ጋር ዝምድናም ጠብም የሌለው ሰው መሆን አለበት። የዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ እኔን መረጡ። አገር አልነበረኝም፣ ዘመድ አልነበረኝም፤ የተማርኩም ነበርኩ። ከሙሄ ጋር ጠብ ይኖረኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ መምህር ዘንጋዳ መባሌ ለእነሱ ጨዋታ ነበርና።

በቀትር ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዴ ተኛሁ። መሬቱ በሸሚዜ አልፎ ይፋጃል። ጋቢው ውስጥ ያ ሽታ ነበር። ፋኖሷን አወረድኩ። ከሦስት ክንድ በታች ነበልባሏ አጠረች፤ ከዚያ ከክሩ ላይ ብድግ ብላ፣ እንደ መተንፈስ ብላ ጠፋች። ምን እንዳጠፋት ከዚያ ከተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ስሙን ከነቀመሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ። «ሞተች» ለማለት አፌን ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ ከላዬ የሙሄ ድምፅ መጣ።

«ምነው ዘንጋዳው ዝም አለ? እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ጋቢው ውስጥ፣ በጨለማው፣ ሳቁን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ሙሄ ዓይኑ ፈጦ፣ ሽርጡ ቆሽሾ እየሳለ ሲወጣ ታየኝ። ይህን ብቻ ነው ያሰብኩት ብዬ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ፤ እውነት ይሁን አይሁን ዛሬ አላውቅም። ብዙ ቆየሁ። ከዚያም ተጣራሁ።

«አለች!»

ፋኖሷን ጠፍታ አወጣኋት። «ስጎትታት ነፋስ አጠፋት» አልኩ። የጠረጠረ አልነበረም። እንድሪስ ጎንበስ ብሎ፣ ብርጭቆዋን በባዶ እጁ ይዞ ተቀበለኝና ዛፉ ሥር አስቀመጣት። ሙሄ ሽርጡን ሰብስቦ፣ በገመዱ ወረደ። «በሉ አሁን…» ሲል ተሰማ፤ ቀጥሎ ምንም አልተሰማም። ሁሉም ቆመው ሲጯጯሁ እንድሪስ ኩታውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አፉን አስሮ ገባ። ሁለቱን ለመጎተት ስምንት ሰው ፈጀ። የሸዋ ሮቢት ሕዝብ «ሊጨርሰው ገባ» የሚለው ይህንን መግባት ነው።

ሙሄ በሦስተኛው ቀን ተናገረ። አፍንጫው ግን ሞቶ ነበር፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ይህንን ለማንም አልተናገረም፤ እስኪሞት ድረስ ፍሬ በጥርሱ እየሰበረ፣ ዓይኑን እየጨፈነ፣ ሻጩ የፈለገውን ሲናገር ኖረ። እኔ ያወቅሁበት የተበላሸ ለውዝ ሳያውቅ ሲበላ አይቼው ነው። ስለ ጉድጓዱ ሲጠየቅም «እንድሪስ አታለለኝ» ይል ነበር። በፋኖስ ያዥ ስህተት የታፈነ ሰው ከመሆን በጠላቱ ተንኮል የተቀበረ ሰው መሆን ያምራል። የባጃጅ ነጂው ፊልም የመጀመሪያ ደራሲ ሙሄ ራሱ ነው። ፖሊስ ሲጠይቀኝ «ፋኖሷ በርታ ነበር» አልኩ፤ ይህም ነገሩን ሁሉ በእንድሪስ ላይ ጣለው፤ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር ጨምሮበታል ተባለ። ጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ። እህሉን የሚገዛ ግን አልተገኘም። ቤቱን ነቅሎ ወደ ካራቆሬ ሄደ። እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ አስተማርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ የከተማው ሽማግሌ ተብዬ በየስብሰባው ፊት ወንበር ይሰጠኝ ጀመር።

ይህን ሁሉ ዘሐራ አልጠየቀችኝም። ቤቴ ገብታ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ጆንያውን ከፊቴ አቆመችና የመጣችበትን ተናገረች። አንድ ልጅ ወዷታል። ልጁ የሙሄ ወንድም የልጅ ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ ሊያልቅ ሲል፣ ከልጁ ወገን አንዱ «የጉድጓዱን ሰውዬ ዘር ቤታችን አናስገባም» አለ።

«ያኔ ከነበሩት አንቱና የልጁ አያት፣ ሼህ ሰይድ፣ ብቻ ናችሁ የቀራችሁት» አለችኝ። «ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይሰበሰባሉ። ይምጡልኝ። አያቴ አልገፋውም ይበሉ። ይኸው ነው።»

«አያትሽ ስለዚያ ቀን ምን ነገረሽ?»

ጆንያውን ትክ ብላ አየችው።

«ምንም አይናገርም ነበር። ሊሞት ሲል ብቻ፣ ‹ብርጭቆዋ አትፋጅም ነበር› አለኝ። ‹የምን ብርጭቆ?› ስለው፣ ‹ተይው፤ ከአንዱ ቂም ገና መውጣቴ ነበር› አለኝ። አልገባኝም። አንቱ ይገባዎት እንደሆን ብዬ ነው።»

ገባኝ። ያኔውኑ አውቆ ነበር። ከላይ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ በነፋስ የጠፋች ፋኖስ እጅ ታቃጥላለች፤ ከታች ቀድማ የጠፋች ግን ቀዝቅዛ ትወጣለች። እስር ቤት ውስጥ፣ አህያ ሲጭን፣ ካራቆሬ ላይ ከባዶ ሲጀምር፣ ያች ቀዝቃዛ ብርጭቆ ሁልጊዜ በእጁ ውስጥ ነበረች። አንዲት ቃል ቢናገር እኔ አልቅ ነበር። በዚህ አገር ሁሉ የበቀለኛ ስም የተሰጠው፣ መበቀል እየቻለ የተወው ብቸኛ ሰው ነው።

ጁምዓ ዕለት በሚኒባስ ወደ ካራቆሬ ሄድኩ። የሼህ ሰይድ ግቢ ውስጥ፣ ከግራር ጥላ ሥር፣ አሥር ያህል ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዘሐራ ከእናቷ ጋር በሩ አጠገብ ቆማለች። ለእኔ ወንበር አመጡ፤ ዕድሜዬንና ትምህርቴን እያነሱ አመሰገኑኝ። ሼህ ሰይድ ዓይኑ ደክሟል፤ ድምፁ ግን የወንድሙ ድምፅ ነው።

«መምህር፣ አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት፣ ለማንም አያዳሉም። ፋኖሷን የያዙት አንቱ ነበሩ። እንድሪስ ክፉ ነገር ሲሠራ አይተዋል?»

«አላየሁም» ብል ለዘሐራ ይበቃት ነበር። እኔም በወንበሬ ላይ እንዳለሁ እቀር ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ያንን ዓረፍተ ነገር አስተካክዬ፣ አሳምሬ ይዤ ነበር የመጣሁት።

«ፋኖሷ ጠፍታ ነበር» አልኩ። «አይቻታለሁ። አለች ያልኩት ሙሄ ስለ ሳቀብኝ ነው። እንድሪስ ሊያወጣው ነው የገባው።»

ሼህ ሰይድ ፊቱን ወደ ድምፄ አቅጣጫ መለሰ። ሲናገር አንቱታው ቀርቶ ነበር።

«ሙሄ ዘንጋዳ ያለው አንተን ነው?»

«እኔን ነው።»

«የሙሄ አፍንጫ አልተሳሳተችም።»

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ ለእንድሪስ ነፍስ ፋቲሃ ተቀራ። የልጅቱ ነገር በዚያው አለቀ፤ የሠርጉ ወር ተቆረጠ። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልሸኘኝም። ወንበሩን ራሴ አንስቼ ግድግዳው ሥር መልሼ ወጣሁ። ዘሐራ እስከ መንገዱ ተከተለችኝ። ታመሰግነኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላመሰገነችኝም።

«ቤትዎ የተውኩትን ጆንያ እኮ እንዲያው አይደለም ያመጣሁት» አለች። «አያቴ ካራቆሬ ከቆፈረው ጉድጓድ ነው። በየዓመቱ ሲከፍት ‹ውሃ ነክቶት ይሆን?› እያለ ይጠይቅ ነበር። የሚመልስለት ዳኛ የለም። አንቱ ይንገሩኝ።»

ዛሬ ማለዳ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ወስጄ፣ አንዷን ፍሬ በቀሩት የፊት ጥርሶቼ ሰበርኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ጥንቅሽን ከዘንጋዳ ያልለየ ሰው በዚህ ነገር ሊፈርድ እንደማይገባው አውቃለሁ። ቢሆንም ስልኩን አንስቼ ለዘሐራ ደወልኩ።

«አልነካውም» አልኳት።